እጃችን ይፈታልን፦ ለሽማግሌዎች ጉባኤ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ
ግልባጭ፦ ለመጋቢዎች፣ ለወላጆችና ለምእመናን በሙሉ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው የወጣቶችን አገልግሎት በሚመለከት በቅርቡ ስላሳለፋችሁት ውሳኔ ነው። ውሳኔው አጭር ነው። ከቅጥር ግቢ ውጭ የሚደረግ የወጣቶች አገልግሎት ሁሉ «እስከ ሌላ ውሳኔ ድረስ» እንዲቆም ይላል። የቅዳሜ ከሰዓቱ የማጠናከሪያ ትምህርትም ተዘግቷል፤ አዳራሹ ለመዘምራን ልምምድ ይፈለጋል ተብሎ። በጀታችን ወደ ድምፅ ማጉያና መብራት ግዢ ዞሯል። ወጣቱ ደግሞ ሙሉ ጊዜውን ለዓመታዊው ኮንፍረንስ ዝግጅት እንዲያውል ተነግሮታል።

በውስጥ ጠይቀናል። ደብዳቤም አስገብተናል። ያገኘነው መልስ «እየታየ ነው» የሚል ብቻ ነው። በአደባባይ የጻፍነው ማንንም ለማሳጣት አይደለም። ልጆቻቸውን ወደ እኛ የሚልኩ ወላጆችም፣ እኛ እንጎበኛቸው የነበሩ ሕሙማንም ለምን እንደቀረን ማወቅ ስላለባቸው ነው።

መጀመሪያ የቆመው ነገር ምን እንደነበር እንናገር። ብዙ ምእመን አያውቅምና።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ ልጆች ይማሩ ነበር። የአባላት ልጆች ብቻ አይደሉም፤ የአካባቢው ልጆችም ይመጣሉ። አንዱ ክፍልፋይ መደመር አልሆን ብሎት ነበር። ግማሽና ሲሶ ደምር ሲባል ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ይደምርና 2/5 ብሎ ያርፋል። የምታስተምረው እህታችን አልተቆጣችም። «2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ ላይ ጨምረህበት እንዴት ነው የሚያንሰው?» አለችው። ልጁ ደብተሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። አንድ ወረቀት ስድስት ቦታ አጥፈው አብረው ቆጠሩ። ግማሹ ሦስት፣ ሲሶው ሁለት፣ በድምሩ 5/6። በሚቀጥለው ቅዳሜ የጎረቤቱን ልጅ ይዞ መጣ።

የልጁ እናት አንድ ቀን ክፍያውን ለመጠየቅ መጣች። ክፍያ የለውም ስንላት «ታዲያ ለምን ታደርጉታላችሁ?» አለች። አባቶቼ፣ ይህች ጥያቄ በስንት ስብከት የማትገኝ ጥያቄ ናት። እኛ ወደ ሰው ሄደን «እንመስክርልህ» ብለን ለምነን አይደለም። ሴትየዋ ራሷ መጥታ ጠየቀችን።

አሁን ልጁ ቅዳሜ በር ላይ ሲመጣ ጥበቃው «ዛሬ የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ውስጥ የድምፅ ሙከራ አለ።

ሁለተኛው የሕሙማን ጥየቃ ነው። አንዲት እናት ኩላሊታቸው ከሥራ ውጭ ሆኖ እጥበት ላይ ናቸው። እጥበት ማለት ለብዙ ሕሙማን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ገደማ ማሽን ላይ መሆን ነው። ከዚያ ሰው ዝሎ ነው የሚወጣው። ወጣቶቹ ተራ ገብተው ያደርሷቸዋል፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ ይመልሷቸዋል። አንዳንዴ ይጸለያል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ እሳቸው ያንቀላፋሉ፣ ልጆቹ የፈተና ማስታወሻቸውን ያነባሉ። ፎቶ የሚነሳበት ነገር የለውም። ውሳኔው ከወጣ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ስም መሄድ ሲቀር እናትየዋ ስልክ ደውለው «ልጆቼ፣ ምን አስቀየምኳችሁ?» አሉ። ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ አሁን በግላቸው ይሄዳሉ። ይህን ተደብቀው እያደረጉ እንዳይመስላችሁ እዚሁ ጽፈነዋል።

ወደ ምክንያቶቻችሁ እንምጣ። ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው «ወጣቱ ቅድሚያ ቃሉን ይማር» የሚል ነው። ቃሉን መማር ላይ ጠብ የለንም። ግን የተማርነው ቃል ምን ይላል? ያዕቆብ ራቁቱን ለሆነና የዕለት ምግብ ላጣ ወንድም «በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ማለት ምን ይጠቅመዋል ብሎ ይጠይቃል። ይህን ምዕራፍ በወጣቶች ጥናት ላይ ደጋግመን አጥንተናል። ጥናቱ አልቆ ወጣቶቹ «እሺ፣ የት እንሂድ?» ሲሉ ወደ ልምምድ ሂዱ መባሉ ግራ ያጋባል። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁሉን ተምረው እስኪጨርሱ አላስቀመጣቸውም። ብዙ ነገር ገና ሳይገባቸው ሁለት ሁለት አድርጎ ላካቸው። ተመልሰው መጥተው ያደረጉትንም ያስተማሩትንም ነገሩት። ትምህርቱ እዚያም ላይ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከበድ ይላል። «በሥራ መዳን ወደሚል ስህተት እንዳንሄድ» ትላላችሁ። ስጋቱ ይገባናል። በጸጋ መዳናችንን ካነበብንበት ከኤፌሶን 2 አንለቅም። ግን ቁጥር 8 እና 9 ላይ ቆሞ ቁጥር 10ን መዝለል አይቻልም። እዚያ ላይ እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካም ሥራ ልናደርግ በክርስቶስ እንደተፈጠርን ተጽፏል። አንድም ወጣት በሽተኛ የሚጠይቀው ለመዳን ብሎ አይደለም። የዳነ ሰው ምን ሲያደርግ ይውላል የሚለውን ነው የምንጠይቀው።

እንዲያውም ታሪክን ብናይ ፍርሃቱ የተገላቢጦሽ ነው። የሐዋርያት ሥራ 6 ላይ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ መበለቶች በዕለቱ እደላ ተዘነጉ ተብሎ አቤቱታ ተነሣ። ሐዋርያቱ «እየታየ ነው» አላሉም። ሰባት ሰዎች አስመረጡ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። እኔ ይህን ሳነብ የሚታየኝ፣ አቤቱታው የመጣበት ወገን ራሱ ኃላፊነቱን እንደተሰጠው ነው። ከዚያስ? ማዕድ እንዲያገለግሉ ከተሾሙት አንዱ እስጢፋኖስ ነው፤ ስለ ክርስቶስ መስክሮ የመጀመሪያው ሰማዕት ሆነ። ሌላው ፊልጶስ ነው፤ ሰማርያ ሰበከ፣ ጃንደረባውንም አጠመቀ። ማዕድ ማገልገሉ ከወንጌል አላወጣቸውም።

ጳኩሚስንም አስቡት። በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ሳለ ለሮም ሠራዊት በግድ ታፍሶ ግብፅ ውስጥ ቴቤስ ላይ ተዘግቶበት ነበር። ክርስቲያን አልነበረም። የከተማዋ ክርስቲያኖች ለታፈሱት ምልምሎች ምግብና መጠጥ ያመጡ ነበር። «እነዚህ እነማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ነገሩት። ከሠራዊቱ ሲለቀቅ ሄዶ ተጠመቀ፤ በኋላም ለመነኮሳት የጋራ ኑሮን ሥርዓት የሠራው እሱ ነው። ምግብ ያቀበሉት ሰዎች ስማቸው እንኳ አይታወቅም። ያችን «ለምን?» የምትል ጥያቄ ያስነሳው ግን የእነሱ ሥራ ነው።

በስብሰባ ላይ «የአባላት ልጆች ሳይዳረሱ የውጭ ልጅ ማስተማር ለምን?» የሚል አስተያየትም ሰምተናል። በ362 እ.ኤ.አ. ክርስትናን የተወው ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ ለአንድ የጣዖት ካህናት አለቃ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። «ገሊላውያን» እያለ የሚጠራቸው ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይረዳሉ እያለ ያማርራል። ጠላት እንኳ ሳይወድ የመሰከረው በዚህ ነው። የራሳችንን ብቻ ብንረዳ ኖሮ ምን ብሎ ይጽፍ ነበር?

ሦስተኛው ምክንያት የደኅንነት ጉዳይ ነው። ይህኛው እውነተኛ ጥያቄ ነው። እኛም ሳንጠየቅ ማንሳት ነበረብን የሚል ካለ አንከራከረውም። ከልጆች ጋር መሥራት ደንብ ይፈልጋል። አንድ አስተማሪ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን መሆን የለበትም። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ መኖር አለበት። አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሲመጣ ማንነቱ በሚያውቁት ሰዎች መረጋገጥ አለበት። ልጅ ጉዳት እንደደረሰበት ከተናገረ «ለማንም አልናገርም» ተብሎ ቃል አይገባለትም፤ ለሚመለከተው ይነገራል። በሽተኛ ቤት ሁለት ሆኖ ነው የሚኬደው። ገንዘብ በሁለት ፊርማ ነው። ይህን ሁሉ ረቂቅ አድርገን አስገብተናል። መልስ አልመጣም፤ የመጣው መዝጊያው ነው። ደንብ አውጡልን ስንል በር ተዘጋብን።

ከውሳኔው ውጭ ግን ቀደም ብሎም ሲቆጠቁጠን የቆየ ነገር አለ። አሁን ካልተናገርነው መቼም አንናገረውም።

የአገልጋይ መመዝገቢያ ቅጻችንን ተመልከቱት። «የአገልግሎት ዘርፍ» የሚለው ላይ መዝሙር አለ፣ ስብከት አለ፣ ጸሎት፣ ካሜራና ድምፅ፣ አስተናጋጅነት አለ። በሽተኛ መጠየቅ የለም። ማስተማር የለም። እስረኛ መጎብኘት የለም። «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለው ጌታ የሚጠይቀን ነገር በእኛ ቅጽ ላይ ሳጥን የለውም። አንዲት እህታችን «ሌላ» በሚለው ላይ «ሕሙማን ጥየቃ» ብላ ጻፈች። ቅጹን የተቀበላት ሰው «እሱማ ጥሩ ነው፣ አገልግሎትሽስ ምንድን ነው?» አላት። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ያስተማርነው እንዲያ ነው።

የምስክርነት ሰዓታችንም እንዲሁ ነው። ሥራ ያገኘ ይወጣል። ፈተና ያለፈ ይወጣል። እልል እንላለን፤ ደግ ነው። ከመካከላችን ግን በሒሳብ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ወንድም አለ። ያልተገዛ ዕቃ ተገዝቷል የሚል ደረሰኝ ላይ ፈርም ተባለ። አልፈርምም አለ። ከሥራው ወጣ። ይሄ ልጅ ለወራት ሥራ ሲፈልግ ማንም መድረክ ላይ አልጠራውም። ሥራ ያገኘ ይመሰክራል፣ ስለ እምነቱ ሥራ ያጣ ግን ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ከኋላ ወንበር ሆነው ይህን የሚያዩ ታዳጊዎች ምን ይማራሉ? ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ ለጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነበር። ምስክርነት ማለት እዚያ ላይ ቀሚስና ልብስ ነው።

ካሜራውን ደግሞ እንተወው ብንልም አይተውም። ባለፈው የእርዳታ እደላ ላይ አንዲት ሴት የተሰጣትን ከረጢት ወደ ላይ ከፍ አድርጋ እንድትይዝ ተጠየቀች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ ፊትሽ አይታይም» ተባለች። የተባለችው በወጣት ነው፤ ወጣቱ ያዘዙትን ነው ያደረገው። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ተብሎ ተጽፎ እያለ፣ እኛ ዘንድ ለታይታ ካልሆነ አገልግሎቱ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ኮንፍረንስ ይቅር አላልንም። ጥሩ ነገር ይገኝበታል። ግን በዓመት ሦስት ቀን ነው። የደም ልገሳውን ብቻ እንይ። የምንለግሰው ኮንፍረንስ ሲኖር ነው፣ ሁላችንም በአንድ ቀን። ደም ግን ተከማችቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ቀይ የደም ሴል በቅዝቃዜ ቢበዛ ስድስት ሳምንት፣ 42 ቀን ገደማ ነው የሚቆየው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ደግሞ አምስት ቀን ገደማ ነው። በአንድ ቀን ብዙ ሰው ተሰልፎ ለግሶ ቀሪውን ዓመት ከመጥፋት፣ ጥቂት ጥቂት ሆኖ ዓመቱን ሙሉ በየሦስት በየአራት ወሩ መመላለስ ይሻላል። ይህን ፕሮግራም አውጥተን አቅርበን ነበር። «ለኮንፍረንሱ ድምቀት ይሁን» ተባልን። ለታማሚው የሚበጀው ግን ያ አይደለም።

ወጣትነትን በተመለከተም አንድ ነገር። ዘንድሮ የወጣቶች ሳምንት ሰንደቅ ላይ «ማንም ታናሽነትህን አይናቀው» ተብሎ ተጽፏል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እዚያው ላይ በቃልና በኑሮ፣ በፍቅርና በእምነት፣ በንጽሕናም ምሳሌ ሁን ይለዋል። ምሳሌ የምንሆንበትን ቦታ ዘግቶ ጥቅሱን መስቀል ምን ያደርጋል? በጉባኤያችሁ የወጣቶች ተወካይ አለ። ድምፅ ግን የለውም። የሚጠራው ወንበር ማመላለስ ሲኖር ነው። ጉልበት ሲያስፈልግ ወጣት፣ ውሳኔ ሲሆን ልጅ። ቅር ብሎናል፤ ደብቀን አንኖርም።

ወጣት ላይ መተማመን ምን ያደርጋል ለሚል ሰው ሄንሪ ዱናንትን እናስታውሰው። ጄኔቫ ውስጥ ከእኩዮቹ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ የሚያጠና፣ ድሆችንና እስረኞችን የሚጠይቅ ወጣት ነበር። በ1852 እ.ኤ.አ. በ24 ዓመቱ የጄኔቫን ወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። በ1859 ለንግድ ጉዳይ ወደ ጣሊያን ሄዶ ሳለ ከሶልፌሪኖ ጦርነት በኋላ ካስቲግሊዮኔ የምትባል ከተማ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ቁስለኛ ወድቆ አየ። የከተማዋን ሴቶችና ልጃገረዶች አስተባበረ። ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ሆስፒታል ሆነ። ሴቶቹ የማን ወታደር ነው ሳይሉ «ሁሉም ወንድማማቾች ናቸው» እያሉ ቁስል አጠቡ፣ ውኃ አጠጡ። ቀይ መስቀል በ1863 የተመሠረተው ከዚያ ተነስቶ ነው። ዱናንት በ1901 የመጀመሪያውን የኖቤል የሰላም ሽልማት ከሌላ ሰው ጋር ተጋራ። ካስቲግሊዮኔ ሲደርስ ምን ማድረግ እንዳለበት ያወቀው ያን ቀን አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ የታመመ ሰው አጠገብ መቀመጥ ለምዷል። እኛም የምንጠይቀው ይህን የምንለምድበት ቦታ ነው። አዳራሹም ለዚህ ቢውል አይረክስም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

እገዳው ይነሳ። ባይነሳ እንኳ «እስከ ሌላ ውሳኔ» የሚለው ቀርቶ የሚታይበት ቀን ይቆረጥለት። ያስገባነው የደኅንነት ደንብ ረቂቅ ይነበብ፤ ጉድለት ካለው ይታረም፣ ከታረመ በኋላ በሥራ ላይ ይዋል። ደንቡን የምታስፈጽም ከእናንተ መካከል አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ቢመደቡልን ደስ ይለናል።

አዳራሹ ቅዳሜ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት ብቻ ለልጆቹ ይለቀቅ። ከመዘምራኑ ጋር ተነጋግረናል። ልምምዳቸውን ወደ ማታ ለመግፋት ፈቃደኛ ናቸው። እንዲያውም ከመዘምራኑ ሁለቱ እንግሊዝኛ ለማስተማር ተመዝግበዋል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ ነው።

የሕሙማን ጥየቃው በቤተ ክርስቲያን ስም ይቀጥል። እናትየዋን ከሽማግሌዎች አንዱ ሄዶ ያነጋግራቸው፤ ማንንም እንዳላስቀየሙ ከእናንተ ይስሙ።

ከበጀቱ ወደ ድምፅ ማጉያ የዞረው ሙሉ በሙሉ ይመለስ አንልም። ለመጓጓዣ፣ ለደብተርና ለእስክሪብቶ የሚሆነው ይመለስልን። የተገዛው ተገዝቷል።

ቅጹ ላይ ሕሙማንና እስረኞችን መጠየቅ፣ ማስተማር፣ አረጋውያንን መርዳት የሚሉ ዘርፎች ይጨመሩ። የምስክርነት ሰዓት ስለ እምነታቸው ዋጋ ለከፈሉም ይከፈት፤ ያ ወንድም ፈቃደኛ ከሆነ ከእሱ ይጀመር። በእርዳታ ጊዜ የተቀባይ ፊት መቅረጽ ይቁም።

የደም ልገሳው ዓመቱን ሙሉ በተራ እንዲሆን ያቀረብነው ፕሮግራም ይጽደቅ። ዕድሜያቸው ያልደረሰና ጤናቸው የማይፈቅድላቸው ወጣቶች በሌላ ሥራ ይመደባሉ።

በመጨረሻም በጉባኤው ውስጥ ቢያንስ ሁለት ወጣቶች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ድምፅ የሚሰጡ አባላት ይሁኑ። ቢያንስ ወጣቶችን በሚመለከት ውሳኔ ላይ።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ከኮንፍረንሱ በፊት እንጠብቃለን። ለውይይት ከጠራችሁን በማንኛውም ሰዓት እንመጣለን፤ ረቂቁንም የተመዝጋቢ ልጆችን ዝርዝርም ይዘን።

ከአክብሮት ጋር፣

የወጣቶች አገልግሎት አስተባባሪ
በማጠናከሪያ ትምህርት በጎ ፈቃደኞችና በሕሙማን ጥየቃ ቡድን ስም